ወይዘሮ አሰገደች አሶሳን በእግር የዞሩበት ቀን

ትናንት ጠዋት ከመንገዱ ማዶ ያለው ጎረቤቴ አጥሩን ሊያድስ አንድ ጋሪ ሙሉ ሽመል አስመጥቶ ደጄ ላይ አራገፈ። ዝናብ መትቶት ስለነበር ሽታው በመስኮት ገባና የያዝኩትን ሥራ አስጣለኝ። ደገኛው ሁሉንም ቀርከሃ ይለዋል፤ የእኛ ቆላ ሽመል ግን ሌላ ነው፤ ድፍን፣ ከባድ፣ ሲቆረጥ እሸት በቆሎና እርጥብ አፈር የተቀላቀሉበት ሽታ ያለው። አሶሳ መጀመሪያ የተቀበለችኝ በዚህ ሽታ ነው። ያኔ አስተማሪ የሚሄደው የተመደበበት እንጂ የወደደው ቦታ አልነበረም። ከደሴ የተነሳሁ ልጅ፣ ሰፊ ቤል ቦተም ሱሪዬን አቧራ እንዳይነካው በሁለት እጄ ሰብስቤ፣ አፍሮ ጸጉሬ በመንገዱ አፈር ቀይ ሆኖ፣ ነቀምትን አልፌ፣ ባምባሲ ላይ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ማንጎ ሲግጥ እኔ አውቶቡሱ ውስጥ ተቀምጬ እያለቀስኩ ነው የመጣሁት። አሶሳ ስንደርስ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር፤ ሽመል የተሸከሙ ሰዎች በፊታችን አለፉ። በማግስቱ ገበያ ወጣሁና አንዲት ቀይ ቶብ የተከናነበች የበርታ ልጅ «ማንጎው ስንት ነው?» ብዬ ጠየቅኳት። ቶቧ ከራሷ እስኪንሸራተት ድረስ ሳቀች። ለማንጎ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው ከሩቅ አገር መምጣቱ የሚታወቅበት ዘመን ነበር። «ማንጎ ዛፍ ላይ ነው። አንተ ውሰድ!» አለችኝ።

ያቺ ልጅ ዘይነብ ናት። ሴት መሆኔን እያወቀች እስከ ዛሬም «አንተ» ነው የምትለኝ። አማርኛን ያወቀችው ከገበያ ስለሆነ ወንድና ሴት ብሎ መለየት አይሆንላትም፤ እኔም በበርትኛ አንድ ነገር ለማለት አፌን ስከፍት እንደዚያ እንደ መጀመሪያው ቀን ነው የምትስቀው። ባሏ ልብስ ሰፊ ነበር፤ እሱ ሲያርፍ የስፌት መኪናውን እሷ ተረከበችና ለከተማው ሙሽራ ሁሉ ሰፋች፤ የእኔንም የሰርግ ቀሚስ የሰፋችው እሷ ናት። ዛሬ ዓይኗ ክር አያስገባም፤ የእኔም ጉልበት ደረጃ አይወድም። በአንድ አጥር ተለያይተን እንኖራለን፤ አጥሩም መሃል ላይ ቀዳዳ አለው፤ ሁለታችንም አናስጠግነውም።

ነገሩ የመጣው ባለፈው ግንቦት ነው። ልጄ ኤልያስ ከሥራ ገብቶ ምሳውን ሲጨርስ፣ ሳህኑን ወደ ጎን ገፋ አደረገና «እማዬ፣ የራሄል እናት ሊመጡ ነው» አለኝ።

«እሰየው! መቼ?»

«በሚቀጥለው ሳምንት። ግን...»

ኤልያስ «ግን» ካለ ነገር አለ ማለት ነው። ራሄልን ያወቃት አዲስ አበባ ሲማር ነው፤ ነርስ ናት፤ ከእኛ ጋር ለመኖር ልቧን ቆርጣለች። እናትየው ወይዘሮ አሰገደች ግን ደብረ ብርሃን ሆነው «ልጄን ለማንም እድራለሁ፣ አሶሳ ግን አልሰድም» ብለዋል። ልጅቷ ለምና ለምና በመጨረሻ «እንግዲያው አገሩን ልየው» ማለታቸው ነው።

«ምን አስበው ነው የሚያዩት?» አልኩት።

«ማዘጋጃ ቤት ሲሠሩ የቤት ፕላን ነበር የሚስሉት። ከተማ የማውቀው በቤቶቹ ነው ይላሉ። ጎንደርን ከግንቡ እስከ ቁስቋም በእግራቸው ነው የዞሩት። የሐረርን ጀጎል በር በበር፣ የአዲስ አበባን አሮጌ ባለ በረንዳ ቤቶች ሁሉ። አሁንም ሰው ቤት ተቀምጬ ዶሮ ልበላ አልመጣም፤ አንድ ቀን በእግሬ አዙሩኝና ይበቃኛል ነው ያሉት።»

የፋሲልን ግንብ ያየ ዓይን አሶሳ መጥቶ ምን ያያል? ኤልያስ ከወጣ በኋላ ብዙ ተቀመጥኩ። አንድ ልጅ ነው ያለኝ። በእነዚያ መንገዱ በተዘጋባቸው፣ ሰው ሰውን በፈራባቸው ዓመታት እንኳ «እማዬ፣ እኔ ከዚህ አልሄድም» ያለኝ ልጅ ነው። ይቺን ልጅ ካጣ ግን እንደሚሄድ ከፊቱ አነበብኩ። ተነሳሁና በአጥሩ ቀዳዳ ዘይነብን ጠራኋት።

ዘይነብ ከርከዴዋን፣ ያን ቀይ የአበባ መጠጥ፣ በትልቅ ብርጭቆ ይዛ መጣች፤ ማንጎው ሥር ተቀመጥን። እኔ ወዲያው ዕቅድ ማውጣት ጀመርኩ። አስተማሪ ነኝና ጠዋት፣ ረፋድ፣ ከሰዓት ብዬ ከፋፈልኩት። ከክልሉ መሥሪያ ቤቶች አዳዲሶቹን ፎቆች፣ ከዚያ የድሮውን የአውራጃ ጽሕፈት ቤት፣ ትልቁን መስጊድ፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ሙዚየሙን ደረደርኩ። ጭቃ ያለበትን ሰፈር ሁሉ በሩቁ ዘለልኩት።

ዘይነብ አዳመጠችኝና «ብርቄ፣ ጥላ የት ነው?» አለች።

«የምን ጥላ?»

«ሴትዮ ከብርድ አገር ነው የሚመጣው። በዚህ ፀሐይ ፎቅ ያያል? ይወድቃል። መጀመሪያ ጥላ፣ ከዚያ ፎቅ።» በጣቷ አፈሩ ላይ ሌላ መንገድ አሰመረች፤ ከማንጎ ወደ ማንጎ የሚሄድ፣ አንዳንዴ ወደ ኋላ የሚመለስ። መጨረሻው ላይም አንድ ክብ አደረገች። «እዚህ የአባቴ ግቢ።»

«ዘይነብ፣ ሴትዮዋ እኮ ሕንፃ ነው የምታየው። የሣር ቤት...»

ቀና ብላ አየችኝ። «ሣር ቤት ሰው አልሠራም? ዝናብ ነው የሠራው?»

ከርከዴዬን ጠጣሁና ክቡ ባለበት እንዲቀር ተስማማሁ።

እንግዳዋ ከመምጣታቸው በፊት መንገዱን ራሳችን እንሞክረው ብለን አንድ ጠዋት ሁለታችን ወጣን። ኤልያስ ከቢሮው መስኮት ሲያየን «ሁለት አሮጊቶች ከተማ ሊገዙ ነው» ብሎ ሲስቅብን ነበር አሉ። እኔ ግን ያን ጠዋት ከተማዬን ከስንት ዘመን በኋላ ያየሁ መሰለኝ። ለካ ሰው በባጃጅ ሲመላለስ የራሱን አገር አያይም። የድሮው የአውራጃ ጽሕፈት ቤት በረንዳ ላይ ቆምን፤ ድንጋዩ እንዳለ ነው፣ ቀለሙ ብቻ ስንት ጊዜ ተቀይሯል። ያኔ ደሞዝ የምንቀበለው እዚህ ነበር፤ ሴት አስተማሪዎች በሺዳ ጫማ ጭቃውን እየዘለልን መጥተን፣ ከበረንዳው ጥግ ተጠግተን ባለ ታኮውን ከቦርሳ አውጥተን እንቀይር ነበር፤ ሺዳዋን ደግሞ ዘበኛው ይጠብቅልናል። ከዚያ ወረድ ሲሉ የጨርቅ ሱቆቹ ነበሩ። ዛሬ የስልክ ካርድና የጆሮ ማዳመጫ በሚሸጥበት በዚያ ጥግ ድንበር ተሻግሮ የመጣ ቶብ በየቀለሙ ተንጠልጥሎ፣ ነፋስ ሲመጣ መንገዱን ሙሉ ያለብሰው ነበር። የዘይነብ ባል መኪናውን በረንዳው ላይ አውጥቶ በእግሩ እየረገጠ፣ ትንሿ ሬዲዮኑ የሱዳን ዘፈን ትለቃለች፤ የዑዱ ክር ፈጠን ሲል እግሩም ይፈጥናል፤ ዘፈኑ የሐዘን የሆነ ለት ደግሞ ልብሳችን አይደርስም። ያኔ ስኳር ከወዲያ ማዶ በኬሻ ይመጣል፤ ሻይ በሲኒ ሳይሆን ወገቧ ቀጠን ባለች ትንሽ ብርጭቆ ይጠጣል፤ ለቤት ኪራይ አሥር ብር የከፈለ ሰው ሀብታም ይባላል። «እዚህ ነው» አለችኝ ዘይነብ፣ የጆሮ ማዳመጫ ሻጩን ደረጃ በእግሯ መታ መታ እያደረገች። «መኪናው እዚህ ነው የነበረ።» ሻጩ ግራ ገብቶት «እማማ፣ ምን ልስጥዎት?» አላት። «ምንም። አንተ ቁጭ በል» አለችው።

ወይዘሮ አሰገደች የመጡት በአውሮፕላን ነው። ቀጠን ያሉ፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ፣ ነጭ ሸራ ጫማ ያደረጉ ሴት ናቸው። ስመው ሰላም አሉኝ፤ ዓይናቸው ግን አልሳቀም። ቁርስ ሳይጨርሱ ተነሱ። ዘይነብ ደጅ ትጠብቀን ነበርና «አንተ ደህና መጣህ?» ብላ እጃቸውን ስትጨብጥ ደንገጥ ብለው አዩኝ። ነገሩን አስረዳኋቸው። «ይሁን» አሉና ፊት ፊት ሄዱ።

ጠዋቱ ከባድ ነበር። አዳዲሶቹን ፎቆች ቀና ብለው አዩና «ይህ ደብረ ብርሃንም አለ» አሉ። መስጊዱን ከውጭ ሆነው ብዙ ተመለከቱ፤ ስለ ሚናራው አንድ ጥያቄ ጠየቁ፤ ዘይነብ መለሰች። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ተሳለሙና ከሁሉም ቦታ ይልቅ እዚያ ቆዩ። የአውራጃው በረንዳ ላይ እኔ ስለ ሺዳውና ስለ ባለ ታኮው ሳወራ በትህትና ራሳቸውን ነቀነቁ። ልክ ሐኪም ጋ የሄደ ሰው ውጤቱን እስኪነግሩት እንደሚጠብቅ ሆነው ነበር የሚዞሩት። ምን እንደሚጠብቁ ግን አልገባኝም። በሆዴ «አለቀልህ ኤልያስ» አልኩ።

ረፋዱ ላይ ሰማዩ ጠቆረና ዶፍ ለቀቀ። ዘይነብ የሳለችው ጥላ ለፀሐይ እንጂ ለእንዲህ ዓይነት ዝናብ አልነበረም። እየሮጥን፣ ሩጫ ከተባለ፣ መናኸሪያው አጠገብ የአንዲት ሻይ የምታፈላ ሴት ላስቲክ ዳስ ሥር ገባን። ዝቅ ያሉ በርጩማዎች ሰጠችን። ነጩ ሸራ ጫማ ቀይ ሆኗል። ሻዩ መጣ፤ ዝናቡ ቀስ እያለ ማባራት ጀመረ፤ እኔም ከየት ብቀጥል ይሻላል እያልኩ ሳስብ፣ መናኸሪያው ውስጥ አንድ ረዳት ከመኪና በር ላይ ተንጠልጥሎ መጮኽ ጀመረ።

«ኩርሙክ! ኩርሙክ! አንድ ሰው የቀረው ኩርሙክ!»

ወይዘሮ አሰገደች ብርጭቋቸውን እንደያዙ በድንገት ዞሩና ሻዩ ቀሚሳቸው ላይ ፈሰሰ። «አቃጠለዎት?» ብዬ ተነሳሁ። አልሰሙኝም።

«ይህ መኪና... የት ነው የሚሄደው ያለው?» አሉ።

«ኩርሙክ ነው። ድንበር ላይ ያለች ከተማ ናት።»

«ከዚህ ነው የሚኬደው? በዚህ መንገድ?»

«አዎ፣ በዚህ።»

ብርጭቋቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። ለረጅም ጊዜ መኪናውን ብቻ አዩ፤ ሞልቶ እስኪወጣ ድረስ፣ ጭቃውን እየረጨ እስኪጠፋ ድረስ። ከዚያ ማንንም ሳያዩ መናገር ጀመሩ።

«ታናሽ ወንድም ነበረኝ፤ ታደሰ የሚባል። በዚያ በዘመቻው ጊዜ ለውትድርና ወሰዱት። ጺሙ እንኳ አልበቀለም ነበር። ብዙ ጊዜ ወሬው ጠፋብን። በኋላ አብሮት የነበረ አንድ ወታደር በእኛ በኩል ሲያልፍ ቤታችን ገባና ‹ታደሰ ኩርሙክ ቀረ› አለ። ቀረ ብቻ ነው ያለው፤ ሞተ አላለም። እናቴ ውሃ እንኳ ሳታቀርብለት ወጣ። ራሄል አሶሳ ስትለኝ እኔ የሰማሁት ኩርሙክን ነው። ሁለተኛ ሰው ለዚህ አገር አልሰጥም አልኩ። ይኸው ነው እውነቱ። ሕንፃውን ምክንያት አደረግኩት እንጂ የመጣሁት ይህን መንገድ ላየው ነው፤ የት እንዳለ ለመጠየቅ ግን አፌ አልታዘዘልኝም።»

ዘይነብ በርጩማዋን ጎተተችና ወደ እርሳቸው ተጠጋች።

«የእኔም ወንድም በዚህ ሄደ» አለች። «ያኔ ነው፣ ያው ጊዜ ነው። ጦርነት ሲመጣ ሸሽቶ ወዲያ ተሻገረ። አልተመለሰም። እናቴ እስኪሞት ድረስ በር አልዘጋም። ጅብ ይገባል እንለዋለን፣ እሱ ይግባ ይላል፤ ልጄ መጥቶ ዝግ ካገኘ ይሄዳል ይላል።»

ወይዘሮ አሰገደች ዞር ብለው አዩዋት። ከመጡ ጀምሮ ሰው ፊት ለፊት ያዩት ያን ጊዜ መሰለኝ። «ስሙ ማን ነበር?» አሏት።

«አብዱ። አንተ ወንድም ታደሰ፣ እኔ ወንድም አብዱ።» ዘይነብ ተነሳችና እጇን ዘረጋችላቸው። «ና። መንገዱን እናያለን። መኪና አንፈልግም።»

ዝናቡ አባርቶ ነበር። ሦስታችን የኩርሙክን መንገድ ይዘን ከከተማው ወጣን። ማንም ስለ ቤት አላወራም። ቤቶቹ እየሳሱ ሄደው የሽመሉ አጥር ብቻ ቀረ፤ ከዚያ እሱም ቀረና መንገዱ ቁልቁል የሚወርድበት ደረስን። ከዚያ ላይ ሲታይ ምዕራቡ ክፍት ነው፤ ኮረብታው በኮረብታ ላይ እየደበዘዘ ሄዶ የትኛው የእኛ፣ የትኛው የማዶ እንደሆነ አይለይም። ዘይነብ ሁለት መዳፏን ከፍታ ዱዓ አደረገች፤ አብዱ ስትል ሰማሁ፣ ቀጥሎም ታደሰ ስትል ሰማሁ። ወይዘሮ አሰገደች ነጠላቸውን አደግድገው አማተቡ። ዘይነብ ስትጨርስ «አሜን» አሉ፤ ከዚያ ድምፅ አውጥተው አለቀሱ። እኛም አልከለከልናቸውም። እኔም ስለ ሁለቱም አለቀስኩ። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ከቆላው እየወጡ ነበርና በአጠገባችን ሲያልፉ ምን እንደሆንን ሳይጠይቁ ቆም ብለው ሰላምታ ሰጡን፤ አንደኛዋ ከወገቧ የቋጠረችውን ማንጎ አውጥታ በወይዘሮ አሰገደች እጅ ላይ አስቀምጣ ሄደች።

ስንመለስ ሌላ ሴት ነበሩ። የሐኪም ቤቱ ፊት ጠፍቷል። የዘይነብ አባት ግቢ ስንደርስ ጎንበስ ብለው ገቡና የቤቱን ክዳን ከውስጥ ቀና ብለው እያዩ «ይህን ያለ ሚስማር ነው የያዛችሁት?» አሉ። እዚያ የሚኖረው የሌላው ወንድሟ ሚስት እንዴት እንደሚታሰር እያሳየች፣ እርሳቸውም ቋጠሮውን እየነኩ፣ «ሰንበሌጡ ስንት ዓመት ይቆያል? ጭሱ ነው የሚጠብቀው? ነፋሱ በየት ይገባል?» እያሉ ቀለበት እንደሚመርጥ ሰው በየጥጉ ዞሩ። ጎንደርና ሐረር ሲዞሩ እንዲህ ነበሩ ማለት ነው አልኩ በሆዴ። የመጣላቸውን ከርከዴ አንዴ ቀምሰው ጎምዛዛነቱ ፊታቸውን ሲያጨፈግገው ዘይነብ ሳቀች፤ ቀጥለው ግን ጨረሱት፣ ድገሙኝም አሉ። ስለ ሣር ቤት ያልኩትን አስታውሳ ዘይነብ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ።

መንገዳችን ላይ ኤልያስ የሚያሠራው ቤት አለ። በዕቅዴ አላስገባሁትም ነበር፤ ግድግዳው ገና ወገብ ላይ ነው፤ ብሎኬቱና አሸዋው እዚያም እዚህም ተበታትኖ ለእንግዳ የሚታይ አይደለም። ኤልያስ ከሥራ ወጥቶ ከግንበኛው ጋር ቆሞ አገኘነው። የወይዘሮ አሰገደችን ጫማ፣ ቀሚሳቸው ላይ ያለውን የሻይ እድፍ፣ ያበጠ ዓይናቸውን ሲያይ ደሙ ከፊቱ ጠፋ። እኔን አየኝ፤ እኔም ምንም ምልክት አልሰጠሁትም፤ እኔስ ምን አውቄ።

ወይዘሮ አሰገደች ግን በሩ ይሆናል በተባለው ክፍተት ገቡ። በክፍሎቹ መሃል በዝግታ ዞሩ፤ አንዱን ግድግዳ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። «ይሄ መኝታ ቤት ነው?»

«አዎ፣ እማማ» አለ ኤልያስ።

«መስኮቱስ?»

«በምሥራቅ በኩል ነው። አንድ ነው።»

«በዚህም በኩል ይከፈት።» ወደ ምዕራቡ፣ በኩርሙክ በኩል ወዳለው ግድግዳ ጠቆሙ። «ሰፋ ያለ ይሁን። ስመጣ የማድረው እዚህ ነው።»

ኤልያስ ነገሩ ወዲያው አልገባውም። ገብቶት ቢሆን ኖሮ እግራቸው ላይ ይወድቅ ነበር፤ ያን ያደረገው ቆይቶ ነው። ግንበኛው ግን ባለሙያ ነውና ራሱን አከከ። «እማማ፣ በዚያ በኩል እኮ የከሰዓት ፀሐይ ነው። የአሶሳን ፀሐይ አያውቁትም። ቀጥ ብሎ ይገባል።»

እኔም እውነቱን ነው ልል ነበር። ወይዘሮ አሰገደች ክንዴን ያዙ፤ ቀኑን ሙሉ «እርስዎ» ሲሉኝ የዋሉት ሴት ያን ጊዜ ድምፃቸው እንደ እህት ሆነ።

«ብርቄ፣ ንገሪው» አሉኝ። «ይግባ።»